የታጠበው ገጽ

መሪጌታ ቢተው የዕፅ መጽሐፍ ካዩ ልባቸው አይችልም። ሰው ጤፍ ሊሸምት ደብረ ማርቆስ ገበያ ሲወጣ፣ እሳቸው አይጥ የቀመሰውን አሮጌ ብራና ታቅፈው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል፣ «እኔን በስሕተት ነው ያገቡኝ፤ ሚስትዎስ እነዚያ ናቸው» ይሏቸዋል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም።

ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ወዲህ ነው፣ በርበሬ ሻጯ ሥራነሽ ከጣሊያኖቹ ምሽግ የተጣለ የፈረንጅ መጽሐፍ እየገነጠለች በርበሬ ስትጠቀልልበት የደረሱባት። «ኧረ በማርያም!» አሉና የለበሱትን ጋቢ ሰጥተው ወሰዱት። ፊደሉ አይነበብላቸውም፤ ሥዕሉ ግን ጉድ ነው! ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ አበባው ከነቀለሙ። ከዚያ ወዲያ መሪጌታ በቁማቸው ማለም ጀመሩ። ገጹን ሲገልጡ ጤዛው እጃቸውን ያረጥበዋል፤ ከሥሮቹ መካከል ጉም ይነሣል፤ እሳቸውም ጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ወይዘሮ የብርጓል ተጣርተው ተጣርተው ይተዋሉ።

በዚያው ክረምት የወይዘሮዋ ዐይን ፈዘዘ፤ ቆይቶም ጨለመ። መድኃኒቱን መሪጌታ ያውቁታል። መድኃኒት ዐዋቂ ስሙን አያወጣም እንጂ ጮቄ ተራራ ላይ የሚበቅል ቅጠል ነው። ጮቄ ላይ ደግሞ አርበኛና ጣሊያን ተናንቀዋል፤ ማን ይወጣል? ቅጠሉ የቀረላቸው መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው።

የብራና ጽሕፈት አጥቦ ውሃውን ለሕመምተኛ መስጠት የኖረ ነው። መሪጌታ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ ዋሉ። ከዚያ ያ ቅጠል የተሣለበትን ገጽ በካራ ቆርጠው ገበቴ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት።

ሲነጋ ውሃው ኩልል እንዳለ ነው። የማተሚያ ቀለም መች እንደ ጥላሸት ቀለም ይለቃል! ሥዕሉ ይባስ ብሎ አምሮበት ቁጭ ብሏል። መሪጌታን እፍረት ዋጣቸው።

ወይዘሮ የብርጓል በዳበሳ መጥተው ዐይናቸውን ታጠቡ።

«ሥዕሉ ለቀቀ?» አሉ።

«ለቀቀ። ምንም አልቀረም።»

«ያን የሚሳሱለትን መጽሐፍ? ለእኔ ብለው?»

«ለአንቺ ብዬ።»

ወይዘሮ የብርጓል ሳቁ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ስቀው አያውቁም። ብርሃን አልመጣላቸውም፤ መምጣት አለመምጣቱንም የረሱት መሰሉ።

መሪጌታ እርጥቡን ገጽ ይዘው ቆሙ። ቅጠሉ እንደዚያን ዕለት ለምልሞ ታይቷቸው አያውቅም። ፀሐይ ላይ ዘርግተው ቢያደርቁት ማን ያያቸዋል? አንዴ ሚስታቸውን አዩ፤ አንዴ ገጹን አዩ። ከዚያ መልሰው ገበቴው ውስጥ ከተቱትና፣ አረንጓዴው እስኪጠፋ፣ ወረቀቱ እንደ ገንፎ እስኪላቁጥ ድረስ በሁለት እጃቸው አሹት።