ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻዎች

በመጀመሪያው ትምህርት በቪዲዮ ብቅ ያለው አስተማሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ንጹሕ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ፣ «በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ! ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ምንም መቋረጥ!» አለ። ሰውዬው ልጅ እንደሌለው ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ወይም ልጅ አለው፤ የምትይዝለት ሚስትም አለችው።

የኛ ተማሪ ጸጥ ያለ ክፍል አልነበራትም። የነበራት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አንድ ጫፍ፣ የባሏ ወንድም ያዋሳት ላፕቶፕ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ሴት ልጅም ነበረች። ልጅቷን ቤተሰቡ «ሻለቃ» ይላታል፤ ታዛለች እንጂ አትታዘዝም። ሻለቃ ላፕቶፕ የሚያምራት እናቷ ስትነካው ብቻ ነው። አንድ የተበላሸ ኪቦርድ ተሰጥቷት ነበር። ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ወረወረችው፤ የውሸት ሥልጣን አልፈለገችም። አንድ ቀን እናቷ ውሃ ልትጠጣ ዞር ብላ ስትመለስ፣ የሠራችው ገጽ መሃል አሥራ አራት መስመር ሙሉ «ጰ» ተጽፎ አገኘች።

እናትየው ከመውለዷ በፊት በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ወልዳ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ጠበቃት። ስለዚህ ድረ ገጽ መሥራት ልማር አለች፤ ከቤት ሳይወጣ ይሠራል የተባለውን ሥራ፣ ከቤት መውጣት ላልቻለ ሰው።

ባሏ በብስኩት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የተሰበረ ብስኩት ሲለቅም ይውላል። ችግሩ ወደ ቤት ሲመጣ ዓይኑን እዚያው ትቶ አለመምጣቱ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ወለሉን ያያል፤ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያውን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የደረቀውን ሙዝ። ቀጥሎ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው መጣላት ይቻላል።

ትምህርቱ ስድስት ወር ነው። መጨረሻ ላይ ኮርሱን የሚሰጠው ድርጅት ከተማሪዎቹ ሁለቱን ይቀጥራል። ባልና ሚስቱ የተስማሙት እንዲህ ነበር፦ ከሁለቱ አንዷ ከሆነች እሰየው፤ ካልሆነች ላፕቶፑ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። «ሙከራ ነው እንግዲህ» አለ ባል፣ ስለ አዲስ ብስኩት እንደሚያወራ ሁሉ። ለሷ ግን ሙከራ አልነበረም። ክሊኒኩን ከለቀቀች ወዲህ ከሻለቃ በቀር የሚፈልጋት ሰው አልነበረም። እንደ ሰው መቆጠር አምሯታል።

አማቷም አሉ። ቤታቸው ቁጭ ብለው የሰው ልብስ እየሰፉ አምስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሻለቃ ቀን ቀን በተኛች በአምስት ደቂቃው ይደውላሉ። እንዴት እንደሚያውቁ እግዜር ይወቀው። «ተኛች እንዴ?» ይላሉ፤ ስልኩ ቀስቅሷታልና መልሱን ራሷ ሻለቃ እየጮኸች ትሰጣቸዋለች። ስልኩ ቢዘጋ ደግሞ ወደ ልጃቸው ይደውላሉ፤ ልጃቸውም ማታ፣ «እናቴን ምነው ዘጋሻት?» ይላል።

ተማሪዋ የምትሠራው ገጽ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ነበር። ይህን ሥራ አሳምራ ታውቀዋለች። ጥርሱን ሲያመው በር ሊሰብር የሚደርስ፣ ሕመሙ ሲተወው በቀጠሮው ቀን ድራሹ የሚጠፋ ሰው ስንት አይታለች! ስለዚህ ገጿ በዋዜማው፣ «ነገ ይመጣሉ ወይስ ተሻለዎት?» ብሎ መልእክት ይልካል።

የገጹ ኮድ በተቀመጠ ቁጥር፣ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ቦታ «ምን ቀየርሽ?» ብሎ አጭር ማስታወሻ ይጠይቃል። ሌሎቹ ተማሪዎች «ተስተካክሏል» ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን መቼ እንደምትነሣ፣ ተነሥታም መቼ እንደምትመለስ ስለማታውቅ በየአምስት ደቂቃው ታስቀምጣለች፤ የት እንደቆመችም ለራሷ ትጽፋለች። «የስልክ ቁጥር መሙያው ሠርቷል። ሻለቃ ጫማዬን ሽንት ቤት ከተተችው። ስመለስ ከቀን መምረጫው ልጀምር።» እንዲህ እንዲህ እያለ ማስታወሻው ረዘመ። ለባሏ ሆድ ይፍጀው ብላ የተወችውን ሁሉ ለማሽኑ ነገረችው። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ፣ ከሷ ሌላ የሚያየው ያለ አልመሰላትም። ማስታወሻዎቹን ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ እንደሚያነባቸው በአሥረኛው ቪዲዮ ላይ በግልጽ ተነግሯል። እሷ አሥረኛውን ቪዲዮ ያየችው ሻለቃን ትኩሳት በያዛት ቀን፣ ልጅቷ እንዳትነቃ ድምፁን አጥፍታ ነበር።

ሥራዋን ሐሙስ ላከች። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት የድርጅቱ ገምጋሚ ውጤቱን በቪዲዮ ልትነግራት ተቀጠሩ። ባልም ሻለቃን ለአንድ ሰዓት እይዛለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቃል ሲገባም ደም የሚለግስ ነበር የሚመስለው። አሥራ አንድ ደቂቃ ቻለ። ከዚያ ልጅቷን ብብቱ ሥር አንጠልጥሎ በሩን ከፈተና፣ «ካልሲዋ የታለ?» አለ በሹክሹክታ። በእጇ «ዝም በል» አለችው። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ገጽሽ ጥሩ ይሠራል» ትላለች ገምጋሚዋ ከስክሪኑ ውስጥ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ነገር ማስረዘም የማትወድ ሴት ናት። «ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ካንቺው ይልቅ ያማሩ ሦስት ገጾች አሉ።»

ተማሪዋ የሚቀጠሩት ሁለት መሆናቸውን አስባ፣ ላፕቶፑን የምትመልስበት ቦርሳ የት እንዳለ ማሰብ ጀመረች።

«ማስታወሻዎችሽን ግን ቢሮ ያለነው ሁሉ አነበብናቸው።»

«የቶቹን ማስታወሻዎች?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከጣት ለወጣ ገና ተረት አልወጣለትም። ገምጋሚዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ቁጥር ሁለት መቶ አራት። ‹ተቆጣጣሪው መጣ። ጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ አገኘ። እኔ ደግሞ ገጹ ላለፈ ቀን ቀጠሮ ሲሰጥ አገኘሁት። እኔ የኔን አስተካክያለሁ፤ ፍርፋሪው እዚያው አለ።›»

በሩ ላይ ያለው ሰው ልጅቷን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቁጥር ሁለት መቶ ሠላሳ። ‹እሜቴ ደወል እንደልማዳቸው ደወሉ። ሻለቃ ቀኝ እጄ ላይ ናት፤ ይቺን በግራዬ ነው የምጽፋት። የዋዜማው መልእክት ግማሽ ላይ ነው፤ መስመር ዘጠና ላይ ቆሜያለሁ።›» ገምጋሚዋ ቀና አለች። «ይኸውልሽ፣ ያንቺን ሥራ እኔ ዛሬ ብረከበው ከመስመር ዘጠና መቀጠል እችላለሁ። የኛዎቹ ሠራተኞች ማንም ሳያቋርጣቸው እየዋሉ ‹ተስተካክሏል› ብለው ነው የሚሄዱት። ምን እንደተስተካከለ ራሳቸውም አያውቁም። ወስደንሻል፤ ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ተማሪዋ አመሰግናለሁ ማለቷን እንጃ። እንባዋ ቀድሟት ነበር።

«ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ገምጋሚዋ እየሳቀች። «ይሄ ተቆጣጣሪ የድሮ አለቃሽ ነው?»

«የድሮ አይደለም» አለች ተማሪዋ፣ ወደ በሩ እያየች።

ስክሪኑ ጠፋ። ባል እንኳን ደስ አለሽ ማለት እንዳለበት አልጠፋውም። ከአፉ የወጣው ግን፣ «ይሰረዛል አይደል?» የሚል ነው።

«ይሰረዛል።»

«በይ ሰርዢዋ!»

«አልሰርዝም። የተቀጠርኩት በሱ ነው።»

«ሰው ያነበዋል እኮ! የኛ ቤተሰብ…» ብሎ ጀመረና ፊቱ አመድ መሰለ። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «የባለቤቴ ሥራ ነው፣ እስቲ እዩላት» ብሎ ሊንኩን ለቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ የላከው ራሱ ነበር። ማንም አይከፍተውም ብሎ ነው እንጂ ሌላ ቀን እንዲህ ቸር አይደለም።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ አማት ናቸው። ተማሪዋ ስታነሣው በስህተት የድምፅ ማጉያውን ነካችው።

«አንብቤ መጨረሴ ነው» አሉ አማት። «ከጠዋት ጀምሮ መነጽሬን አላወለቅሁም። እሜቴ ደወል እኔ ነኝ አይደል?»

«እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔኮ…»

«ነኝ፣ ነኝ። አልተቀየምኩም። ልጅ ሲተኛ እናት የምታወራው ሰው ይናፍቃታል ብዬ ነበር የምደውለው። ለኔ በዚያ ሰዓት የደወለልኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለካ ሥራ ሳስፈታሽ ኖሯል! በይ ሁለተኛ አልደውልም፤ አንቺ ሲመችሽ ትደውዪልኛለሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄ አለ?»

«አለሁ፣ እማዬ» አለ ተቆጣጣሪው በቀጭን ድምፅ።

«አባትህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማታ በገባ ቁጥር ‹ምን ስትሠሪ ዋልሽ?› ይለኝ ነበር። ዝም እለው ነበር፤ አንተም አጠገባችን ሆነህ ትሰማ ነበር። መልስ አጥቼ እንዳይመስልህ። የምጽፍበት አጥቼ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ባል ሻለቃን ወለሉ ላይ አስቀመጣት፤ ወንበር ሳበ፣ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረና ከቁጥር አንድ ማንበብ ጀመረ። እንደ ፋብሪካው አነባበብ ነው፣ ስህተት ፍለጋ። ቁጥር ስድስት ላይ ሻለቃ ሱሪውን ጎተተች። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ጭኑ ላይ ወጥታ ኪቦርዱን በመዳፏ መታችው፤ ገጹም ጠፋበት። ፈልጎ አገኘው። ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ ደግማ አጠፋችበት።

«እስቲ ያዢልኝ! እያነበብኩ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ጫማዋን አድርጋ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጇን፣ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳ ነበር።