ቃል አልባው እንጉርጉሮ

«ስኳር ልጨምርልሽ?»

ኤዲልማ በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው የፕላስቲክ ስኒዎች ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የተጠየቀችው ሴት ዣንጥላዋን እያራገፈች ቀና አለች። «አይ፣ ይበቃኛል። እግዜር ያጥናሽ» ብላ አልፋ ገባች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ኤዲልማ ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞረች።

«አንቺስ እታለም? ስኳር?»

ጎረቤቷ ሚርና ከኋላ መጥታ ክርኗን ያዘቻት። «አንቺ ሴት፣ ጤናሽን ነው? ቡናው ከነስኳሩ ነው እኮ የፈላው። ያፈላሁት እኔ ራሴ ነኝ። የመጣውን ሁሉ በስኳር ልትፈጂው ነው?»

«ብጠይቃቸው አንቺን ምን ቆረጠሽ?»

«ወንዶቹን ግን አንዱንም ስትጠይቂ አላየሁም።»

ኤዲልማ የሚቀጥለውን ስኒ ቀዳች። ሚርና ነገር አታልፋትም።

ባሏ ሄይለር ከተቀበረ ወዲህ ዘጠኙ የጸሎት ማታዎች ተጋምሰዋል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ መሀሉ ላይ የሐዘን ምልክት የሆነች፣ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠች ቢራቢሮ ተሰክታበታለች፤ ከሥሩ ሻማዎችና የሄይለር ፎቶ አሉ። ሴቶቹ በየማታው እዚያ ተሰብስበው የሙታኑን ዜማ ያዜማሉ፤ ወንዶቹ ደጅ ከሸራው ሥር ዶሚኖ እያጋጩ የሸንኮራ አረቄያቸውን ይጎነጫሉ። ኤዲልማ ታለቅሳለች፣ ታስተናግዳለች፣ ትጸልያለች። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ ድምፅ ትፈልጋለች። የዚያ ድምፅ ባለቤት ሄይለርን ሳትሰናበት እንደማትቀር አውቃለች፤ ስትመጣ ደግሞ አፏን ማስከፈት ያስፈልጋል።

ሄይለር ሙዚቀኛ ነበር፤ መሣሪያ ሲጫወት ያየው ሰው ግን የለም። ወጣትነቱን የጨረሰው ሬዲዮ በመጠገን ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ረስቶት የሄደ ኮምፒውተር ከፈተና በዚያው ቀረ። የቤታቸውን ጓዳ ግድግዳ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለበጠው። ከዚያ ወዲህ የማይቀዳው ነገር አልነበረም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር፣ እንቁራሪት፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ፣ ሁሉንም። የቀዳውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ያወፍራል፣ ከሥሩ ምት ይከትበታል። መጨረሻ ላይ የከተማቸው የኪብዶ ወጣት ተነስቶ የሚጨፍርበት ነገር ይሆናል። ከትልቁ ከተማ ከሜዴዪን የመጡ የዘፈን ነጋዴዎች ሊያስፈርሙት ፈልገው ነበር። «እንቁራሪቶቹን አውጣልን እንጂ ሌላው ግሩም ነው» አሉት። «እንቁራሪቶቹ ከወጡ እኔም ወጣሁ» ብሎ ሸኛቸው። ያኔ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትጠብሰው ኤዲልማ ናት። ደስ እያላት ነበር የያዘችው፤ ያ እንጉርጉሮ ቤቷ እስኪገባ ድረስ።

ያን ቀን ሄይለር ከላይኛው የአትራቶ ወንዝ መመለሱ ነበር። በሩን ሳይዘጋ ሲሠራ አንዲት ሴት ከጓዳ ስታንጎራጉር ተሰማት። ቃል የለውም፤ አፍ ተዘግቶ ከደረት የሚወጣ፣ ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ነው።

«ማናት?» አለችው።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ምን አልሺኝ?»

«ይቺ ጓዳዬ ውስጥ የምታንጎራጉረው!»

«እ... የላይኛው ወንዝ ሰው ናት። አንዲት ሴት።»

«ስም የላትም?»

«ኤዲልማዬ፣ ድምፅ ነው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ የሌለበት ሥራ አልሠራም። በየወሩ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ላይ ይሄዳል። «እንቁራሪት ልቀዳ ነው» ሲላት፣ «እንቁራሪቷ ቀሚስ ትለብሳለች?» ትለዋለች። ይስቅና ይሄዳል። እሷ ዓሣውን ስትገለብጥ ዘይቱ እየተፈናጠረ እጇን ይጠብሳታል፤ ቃጠሎው አይታወቃትም፤ ያቃጥላት የነበረው ሌላ ነው።

አንድ ጊዜ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ «እስቲ እኔንም ቅዳኝ» ብላው ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ስትዘፍኚ የኪብዶ ዝናብ እንኳ ደንግጦ ይቆማል!» ለቀልድ ነው ያለው፤ ዘፈን እንደማይሆንላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አብራው ሳቀች። ሌሊቱን ግን ጀርባዋን ሰጥታው አደረች። በመጨረሻ ከዚያው ከላይኛው ወንዝ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ፤ ትኩሳቱም እስኪሞት አልለቀቀውም።

በጸሎቱ በዘጠነኛዋና በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ረጅም ሴት የላስቲክ ቦቲዋ በጭቃ ተለውሶ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክማ በሩ ላይ ደረሰች።

«ስኳር ልጨምርልሽ?»

«ካለሽ ትንሽ። ወንዙ አድክሞኛል።»

ኤዲልማ መቅዳቷን አቁማ ቀና አለች። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው።

«አንቺ ነሽ» አለቻት።

«ኡበርቲና እባላለሁ።»

«ስምሽን ማን ጠየቀሽ? የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«አንድ ዜማ ላውጣለት። አንድ ብቻ።»

«የሚያዜምለት ሰው አላጣም። ቤቴ ገብተሽ ስታንጎራጉሪ መክረምሽ አልበቃ ብሎሽ አሁን ደግሞ አስከሬን በወጣበት ሳሎን? ሙዝሽን ወጥ ቤት አስቀምጪ። ለቀስተኛ አይባረርምና በሩ ላይ ቁሚ፤ ከደፉ ግን እንዳታልፊ።»

ኡበርቲና አልተከራከረችም። ሙዙን አስቀምጣ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች። ሚርና ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸውና ፔርሙሱን ከኤዲልማ እጅ ተቀበለች።

ያን ማታ ቤቱ ሞላ። ዜማ የምታወጣው የሄይለር አክስት እትዬ ፓስቶራ ናት፤ እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከበሮ የለ፣ ማጀቢያ የለ፤ ያለው ጉሮሮ ብቻ ነው። ሊነጋጋ ሲል የስንብቱ ዜማ ይወርዳል፤ በየስንኙ አንድ ሻማ ይጠፋል፤ ከዚያ አንሶላው ይወርድና ሰው ሁሉ ከበሩ ገለል ብሎ ለነፍሱ መንገድ ይለቃል። እትዬ ፓስቶራ ስንብቱን ጀመረችና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ውኃ ጠጣችና ደገመችው፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያለ ዕረፍት የሰነበተ ጉሮሮ ነው። ሴቶቹ ተያዩ። አንዳቸውም ስንብት ማውጣት አትደፍርም።

አሮጊቷ ኤዲልማን በእጇ ጠራቻትና በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። «በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ቤተሰብ አውቀዋለሁ። እንደነሱ የሚያወጣ የለም። ግን የቤቱ እመቤት ካልጠራቻት አትገባም።»

«ሌላ ሰው ይፈለግ።»

«በዚህ ሰዓት ከየት? ልጄ፣ ስንብቱ ካልተዜመ አንሶላው አይወርድም። አንሶላው ካልወረደ ሄይለር ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ኤዲልማ ክፉ ሐሳብ መጣባት። አይውጣ! ምን አለበት? ዕድሜውን ሙሉ ወደ ላይኛው ወንዝ ሲሄድ ኖሯል፤ አሁን እንኳ እቤቱ ይቀመጥ። እዚሁ ቆርቆሮው ሥር ከእሷ ጋር ይቅር። ሐሳቡ ስለጣማት ደነገጠች። ፎቶውን አየችው። ፎቶ ሲነሳ እንኳ ጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር።

ተነሳች፤ ኡበርቲናን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። የዶሚኖው ጩኸት ጠፋ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ዘመን ዘፈንሽለት?»

«አንድም ቀን ዘፍኜለት አላውቅም።»

«ውሸታም! ይሄን ጓዳ የሞላው ማን ነው ታዲያ?»

«እሱ እንጉርጉሮ ነው። ሄይለር የፈለገው ስንብቱን ነበር። ሰው ሳይሞት የሙታን ዜማ ከነቃሉ ይወጣል እንዴ? ሞት መጥራት ነው። "አንዲት ስንኝ ብቻ" ብሎ ይለምነኛል፤ "ማንን ልቅበርልህ?" እለዋለሁ። ልመናው ሲበዛብኝ አፌን ዘግቼ ዜማውን ብቻ አንጎራጉርለታለሁ። በየወሩ ይለምናል፣ በየወሩ እምቢ እላለሁ። አሁን እምቢ የምልበት ምክንያት አልቀረም።»

ኤዲልማ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የሄይለርን ድምፅ መቅረጫ አነሳች። «ትወጂው ነበር?»

«እወደው ነበር» አለች ኡበርቲና ሳታቅማማ። «ምን ዋጋ አለው? ፊቴን አይቶት አያውቅም። የሚያየው የዚያን ዕቃ ቀይ መብራት ነው፤ በርቷል ወይስ ጠፍቷል እያለ።»

ኤዲልማ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። እራት ላይም እንደዚያው ነበር፤ እሷ ስታወራው ዓይኑ እዚያች መብራት ላይ ነው። ይህን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ አልገመተችም ነበር። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም። ይህችን ሴት በየወሩ ለምኗታል። እሷን አንድ ቀን እንኳ ለምኗት አያውቅም።

«ግቢ» አለቻት። «ስንብቱን አውጪለት።»

ኡበርቲና ከአንሶላው ፊት ቆመችና ለሄይለር ለመጀመሪያ ጊዜ ከነቃሉ አወጣችለት፤

«በሩን ክፈቱልኝ፣ ታንኳው ከደጅ ደርሷል፤
ሻማውን አጥፉልኝ፣ ዓይኔ ብርሃን ጠግቧል።»

ደጅ ዶሚኖው ቆመ። ሴቶቹ ተቀበሏት። አንድ ሻማ ጠፋ። ኤዲልማ መቅረጫውን ከፎቶው ሥር አስቀምጣ ቁልፉን ተጫነች፤ ቀዩ መብራት በራ።

«አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሚርና በሹክሹክታ።

«ሲለምን የኖረውን ነው። ይውሰደው።»

ስንኙ ቀጠለ፤ ሻማዎቹም አንድ በአንድ ጠፉ። አንሶላው ሲወርድ ቢራቢሮዋ አብራ ወደቀች። ሰው ከበሩ ገለል አለ፤ ከውጭ እርጥብ አየር ገባ፤ የቀረው ብርሃን መቅረጫው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ብቻ ነበረች። የመጨረሻው ስንኝ ወጣ።

ኤዲልማ ተንበርክካ ተቀበለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ከዜማው ወጥቶ ሰነጠቀ። ሚርና ወደ መቅረጫው እያመለከተች፣ ይበላሻል፣ ዝም በይ ብላ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ኤዲልማ አየቻት፤ ዝም ግን አላለችም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሄይለር እንዳለው ደንግጦ አልቆመም። እጇን ሰደደችና መቅረጫውን ከኡበርቲና አርቃ ወደ ራሷ አፍ አስጠጋችው።