በመጋረጃው ፊት የተማለ መሐላ

ደዌ ሁሉ ክፉ ነው፤ ከደዌያት ሁሉ የከፋው ግን ሥጋን አስቀድሞ የሚበላው ሳይሆን አንደበትን አስቀድሞ የሚዘጋው ነው። እሳት የገባበት ቤት ጭሱ ይመሰክርበታልና ጎረቤት ውኃ ይዞ ይደርሳል፤ ሌባ የገባበት ቤት ጩኸቱ ይሰማልና መንደር ዱላ ይዞ ይነሣል፤ የሳንባ ነቀርሳ የገባበት ቤት ግን በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱን ደፍኖ፣ «ትንሽ ብርድ ነው» እያለ፣ ሊጠይቅ የመጣውን ዘመድ ሁሉ በታማሚው እስትንፋስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች የሚተረከው የሁለት አባቶች ነገር እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ የተፈጸመ ነውና በትዕግሥት አድምጥ።

ባላምባራስ ይመኑ ቀጨሞ አምባን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ይህ ጽኑዕና ጨካኝ ደዌ እንደ ጉም በዝምታ ገብቶ እንደ ጎርፍ ይጠርግ ጀመር። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ እንደ ያዘ ደም ተፋ፤ እናት የምታጠባውን ሕፃን አስከትላ ወደ መቃብር ወረደች። ከመናገሻው ከተማ የተላከው ወጣቱ ሐኪም አሥራደ የደዌውን መድኃኒት ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ብዙ ወራት ሳይቋረጥ የሚወሰድ፣ ቢቋረጥ ደግሞ ደዌውን የሚያደነድን ስለ ሆነ፣ የመንግሥት ሹማምንት «መኳንንቱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ በአንድ ቃል ኪዳን ካልታሰሩ አንዲት ሣጥን አትላክም» ብለው ወስነው ነበር። ኪዳኑ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተያያዘ ሀገሩን ሁሉ እንደ አጥር እንዲከብ ታስቦ ነበር። የቀጨሞ አምባ ተስፋ ግን በአንድ ሰው መዳፍ ላይ ነበረ፤ መድኃኒቱ የሚያልፍበት ብቸኛው ድልድይ ከአርገጤ ወንዝ ወዲያ በሚገዙት በግራዝማች ቢረሳው እጅ ነበርና። ሁለቱ ገዥዎች በድንበር ሲጣሉ የኖሩ ናቸው፤ እርቃቸው የቆመው ባላምባራስ አንዲት ልጃቸውን ትርንጎን ለግራዝማች ልጅ ለአበጋዝ ሊድሩ በመስማማታቸው ነበር። ሠርጉም ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ነበር።

ትርንጎ ግን ከጥምቀት ወዲህ ታስል ነበር። አባቷ ይህን ሲያውቁ ከእልፍኙ በስተ ኋላ መጋረጃ ጋርደው አስተኟት፤ ብርድ እንዳይመታትም መስኮቶቹን በጭቃ አስመረጉ። ሕመሟ ቢሰማ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ጋብቻው ቢፈርስ እርቁ ይፈርሳል፤ እርቁ ቢፈርስ ድልድዩ ይዘጋል፤ ድልድዩ ቢዘጋ እርሷን የሚያድናት መድኃኒት አይደርስም። ስለዚህ ሊያድኗት ደበቋት፤ በመደበቃቸውም ወደ ሞት አቀረቧት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ጉባኤው በባላምባራስ እልፍኝ ተሰበሰበ። ግራዝማች በቀኝ፣ የጸበሉ አለቃ አባ ዘሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው በግራ፣ የሸማኔዎቹ ሽማግሌዎች በበሩ በኩል ተቀመጡ፤ አየሩም እንደ ጎተራ ታፈነ።

«ባላምባራስ፣ ቢፈቅዱልኝ መስኮት ይከፈት» አለ ሐኪም አሥራደ።

ግራዝማች ቢረሳው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ነቀርሳውን ሳታባርር እኛን በነፋስ ልታስመታን ነው? ከተማ ያስተማሩህ ሽማግሌ መግደል ነው እንዴ!»

«ተዉት ግራዝማች» አሉ አባ ዘሥላሴ ጋቢያቸውን ወደ ላይ እየሳቡ፤ «ነፋሱ ቢወስድ የኔን ጉልበት ነው የሚወስደው፤ እሱም ከሄደ ቆየ።»

«በቤቴ መስኮት አይከፈትም» አሉ ባላምባራስ፤ ድምፃቸውም ከነገሩ በላይ ስለ ከረረ ሳቁ በየአፉ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ምክሩ ቀና። አባ ዘሥላሴ፣ ሕዝቡ «ጸበል የጀመረ ሌላ መድኃኒት አይቀምስም» የሚለውን ልማድ እንደሚሽሩ፣ ክኒኑንም በጸበሉ እንዲውጡት ራሳቸው በዐውደ ምሕረት እንደሚያውጁ ቃል ገቡ። ግራዝማች ድልድዩን ሊከፍቱ፣ አጋሰሶችንም ሊሰጡ ፈቀዱ። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ «ታማሚ የሚሸሸግ ከሆነ ኪዳኑ ከንቱ ነው። ድሀው እንዳያፍር፣ በቤቱ የሚያስል ያለበት መኰንን አስቀድሞ ይናገር፤ የሌለበትም ይማል» አለ። ግራዝማች መስቀሉን ፈጥነው ተሳልመው፣ «በቤቴ የለም፤ ሐሰት ብናገር ይፋረደኝ» አሉ። ባላምባራስም ፊታቸው አመድ መስሎ ከንፈራቸውን ወደ መስቀሉ አስጠጉ፤ «በቤቴም የለም» አሉ።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ፣ ነጠላዋን በአፏ ጐስጉሳ ትንፋሿን ስትታገል የቆየችው ትርንጎ ተሸነፈች። ሳሉ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ፤ አላቋርጥም አለ። ከዚያም መጋረጃው ተገለጠና፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። በነጠላዋ ላይ የነበረውን ደም ሁሉም አየ።

«አባባ፣ በእኔ ነፍስ አይማሉ» አለች። «መኖር እፈልጋለሁ።»

ባላምባራስ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። ግራዝማች ግን ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ፤ «ለልጄ ሬሳ ልትድሩለት ነበር!» አሉ። «መስቀል ስመው ለሚዋሹ ሰው ድልድዬን አልከፍትም! እንኳን መድኃኒት፣ ወፍ አያልፍበትም!» አባ ዘሥላሴ እግራቸው ሥር ወድቀው ለመኑ፤ ሐኪሙ ለመነ፤ ከሸማኔዎቹ አንዱ «ጌታዬ፣ እኛ ምን አደረግን?» ብሎ አለቀሰ። ግራዝማች በበቅሏቸው ወጥተው ሄዱ።

ድልድዩ ተዘጋ፤ ፋሲካ ያለ ሠርግ አለፈ፤ ክረምቱ ገባ፤ አርገጤም ሞልቶ ዋናተኛ የማይደፍረው ሆነ። ሐኪም አሥራደ መስኮቶቹን በገዛ እጁ ከፈተ፤ ሕሙማኑን በየደጁ ፀሐይ በወጣ ጊዜ አስቀመጠ፤ መድኃኒት የሌለው ሐኪም የሚያደርገው ይህን ብቻ ነበርና። ባላምባራስ ሹመታቸውን ረስተው፣ ልጃቸውን ደግፈው ወተት ያጠጧት ነበር፤ እርሷ ስትደክም «የዛሬው ይሻላል» ይሉ ነበር፤ ይህም ሁለተኛ ሐሰታቸው ነበር። በሸማኔዎች መንደር የመቃብር ቈፋሪ ጠፋ፤ ቈፋሪዎቹም ያስሉ ነበርና።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጋሰሶች ሣጥን ተጭነው በቀጨሞ አምባ ዳገት ታዩ። በፊታቸው ግራዝማች ቢረሳው በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው። ማንንም እጅ ሳይነሡ ወደ ትርንጎ አልጋ ሄደው ከመሬት ተቀመጡ። ልጅቱ ልብሳቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«አበጋዝ ነው?»

ግራዝማች እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ያስል ነበር፣ ልጄ። አንቺ ከመጋረጃው በወጣሽ ቀን ያስል ነበር። እኔም እንደ አባትሽ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ብዬ ደብቄው ነበር። በዚያ ቀን የተቈጣሁት አባትሽን አልነበረም፤ አንቺ የገለጥሽውን እኔ ለመግለጥ ስላልደፈርሁ ነው። ኪዳኑ በእኔ ስለ ፈረሰ ለእኔም ሣጥን አልተላከም፤ የዘጋሁት ድልድይ የልጄ መድኃኒት ድልድይ ነበር። እርሱን ቀብሬ ነው ሹማምንቱን ለምኜ ይህን ያመጣሁት።»

ባላምባራስ ይህን በሰሙ ጊዜ በቀል የሚሹ መስሎት ሐኪሙ በመካከላቸው ገባ፤ እርሳቸው ግን ከጠላታቸው አጠገብ ዝቅ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና፣ «እንግዲህ ይህንን በገበያ ተናገሩት» አለች፤ «ሁለታችሁም። ለእኔ ብቻ አይደለም የሚነገረው።» አባ ዘሥላሴ ጸበል አቀረቡ፤ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ክኒን በምላሷ ላይ አኖረ፤ በብርቱ ጭንቅ ዋጠችው።

ሐኪም አሥራደ ወደ ደጅ ወጥቶ ባላምባራስ ሲከተሉት አየ። ሊዋሽ አልቻለም። «ዘግይቷል፣ ጌታዬ። ለብዙዎቹ ደርሷል፤ ለእርሷ ግን ዘግይቷል» አለ። ባላምባራስም ዘወር ብለው ግራዝማችን ጠሩ፤ ሁለቱም ወደ ገበያው መንገድ ወረዱ። በዚያች ቀን በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ሁለት መኳንንት የልጆቻቸውን ሕመም በየስማቸው ጠርተው ተናገሩ፤ ከሕዝቡም መካከል እናቶች «የኔም» እያሉ አንድ በአንድ ይነሡ ጀመር፤ የሀገሩ ኪዳን በቀጨሞ አምባ የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው። ትርንጎ ሳምንቱን ሳትጨርስ ዐረፈች። ጤናውን ይዞ ወደ ጉባኤ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ኅብረት ግን የሚጸናው ሕመሙን ይዞ በሚመጣ ሰው ነው፤ ወዮ፣ ያ ሰው ዘወትር የሚመጣው ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ ነው።