ከገንዳው የወጣችው እመቤት

የሊና ሥራ እንጨት እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ባሕር ሥር የኖረ የስፔን መርከብ ስብርባሪ፣ ጠላቂዎች ለቅመው አውጥተውት ፋርመርስ ብራንች በምትባል የአሜሪካ ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ በየገንዳው ተዘፍዝፏል። በውሃው ምትክ ቀስ በቀስ ሰም እስኪገባበት ድረስ ነፋስ ካገኘው ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ማስረዳት የእሷ ፈንታ ነበር። ለአጎቷ ለጋሽ አሻግሬ ግን አላስረዳችም። ውሃው ሲጎድል ሙላ ብላ ቧንቧውን አሳየቻቸውና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

ጋሽ አሻግሬ አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት የቤተ ክርስቲያን ገበዝ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ንዋየ ቅድሳት ሲጠብቁ ኖረዋል። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ሥራ ያስገባቻቸው ሊና ናት፣ ከሚኖሩበት ከሪቻርድሰን የምታመላልሳቸውም እሷው። አገር ቤት የቀረችው ባለቤታቸው አገሬ የቪዛ ቀጠሮዋ ስለደረሰ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ከዚህ አገር የሚፈልጉት ነገር የለም።

አርብ ዕለት ሊና ቀደም ብላ ወጥታ ቤድፎርድ ወዳለ የጓደኛዋ ድግስ ስትነዳ ጋሽ አሻግሬ ደወሉላት። ከመርከቡ የተገኘች፣ ክንድ የማትሞላ የእመቤታችን ቅርጽ ከጫማ ሶልና ከገመድ ጋር በአንድ ገንዳ ተኝታ ማየት አላስቻላቸውም። አንስተው በክብር ቢያስቀምጧት ምን ይመስልሻል አሏት። ሊና ሳቀች። የት ነው የምታስቀምጣት ብሎ መጠየቅ ምላስ አያደክምም ነበር፣ ግን የሀይዌይ መውጫዋ እንዳያልፋት መንገድ መንገዱን ታያለች።

«ኦኬ ጋሼ፣ ሙቭ አድርጋት። ኖ ፕሮብሌም» አለች። አንቱ ማለት ድሮም አይሆንላትም።

እሳቸውም ገበዝ የሚያደርገውን አደረጉ። እጃቸውን ታጥበው አወጧት፣ በንጹሕ ጨርቅ አደራረቋት፣ በነጭ ጋቢያቸው ጠቅልለው ከሁሉ ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ የማሞቂያው አየር በሚነፍስበት አኖሯት። ሰኞ ጋቢው ሲገለጥ ፊቷ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እጆቿ ረግፈው ተገኙ። የታቀፈችው ሕፃን ፍርፋሪ ሆኗል።

ጋሽ አሻግሬ አለቀሱ። ሊና አላለቀሰችም። በዚያው ወር ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን ነበርና፣ የታያት ማን ፈቀደ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

አለቃዋ ሁለቱንም ቢሮ ጠራና ሊና እንድታስተረጉም አዘዘ። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይኼ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «እውነቱን ንገሪልኝ ልጄ። ደውዬ ጠይቄሻለሁ፣ አንቺም አንሳት ብለሽኛል። እኔም ክፋት አልነበረኝም፣ አንቺም የለብሽ። ለሁለታችንም ይቅርታ ጠይቂልን።»

ሊና ወደ አለቃዋ ዞረች። ማንንም አልጠየቅኩም ነው የሚለው፣ አለች በእንግሊዝኛ። ከውሃ እንዳታወጣ ብዬ ነግሬው ነበር፣ እሱ ግን ከሥራው ትእዛዝ ሃይማኖቴ ይበልጣል ይላል። ይህን ሁሉ የምትለምን በሚመስል ድምፅ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ረዘም አድርጋ ተናገረችው። ስትጨርስ ትንሽ እንኳ አልደነገጠችም፤ ይህም ራሷን ገረማት።

አለቃው እውነት ነው ወይ እንደማለት ሽማግሌውን አያቸው። ጋሽ አሻግሬ የወንድማቸው ልጅ ይህን ያህል ስትከራከርላቸው አይተው ሆዳቸው ባባ። «የስ፣ የስ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። እንዳይጠራጠሯት ብለውም ደገሙት።

በዚያው ሰዓት ተባረሩ።

ቤት የምታደርሳቸው ያችው ሊና ናት። መንገዱን ሙሉ መረቋት። እኔስ አንቺን እንዳይነኩብኝ ነበር የፈራሁት አሏት። ማስረጃውን ብቻ እንድትጠይቅላቸው ለመኗት፣ እሺ አለች። እንደማትጠይቅ ግን እሺ ስትል ታውቀዋለች፤ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ነገሩ እንደገና ይቆፈራል።

ሀይዌይ ላይ እያሉ አገሬ ደወለች። ሊናም ሰላም እንድትላት ብለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። ሴትዮዋ ሥራው መቅረቱን ስትሰማ፣ እንግዲህ የኔ መምጣት ቀረ ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አይቀርም» አሉ ጋሽ አሻግሬ፣ የሊናን ትከሻ እየዳበሱ። «አይዞሽ። እዚህ የሚናገርልኝ ሰው አለኝ።»