የእንግዳ ሽኝት

ራኬብ በሩን ስትከፍት የተቀበላት የበረኪና ሽታ ነው። ኮሪደሩ ተወልውሏል። ለሳምንታት የቆሻሻ ከረጢት ተከምሮበት የነበረው ጥግ ባዶውን ቀርቷል፤ ከጠራው መስኮት ባሻገር የስዊድኑ ቮርቢ ጎርድ ባቡር ጣቢያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ሙሽራ መስለው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ይሄን ማነው ያደረገው?»

«እነ ርብቃ ናቸዋ። ጠዋት ከማኅበር ተሰባስበው መጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። የኮሙን ሰው ይመጣል ብለሽኝ የለ? እንግዳ በቆሻሻ ቤት ይገባል እንዴ?»

ራኬብ ጃኬቷን ሳታወልቅ ባለችበት ቆማ ቀረች። ይህን ቀን ለማምጣት ስንቱን ደጅ እንደጠናች፣ ስንቴ «እንመለከተዋለን» ተብላ እንደተመለሰች የምታውቀው እሷ ናት። በመጨረሻ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የእንክብካቤውን ጥራትና ደኅንነት የሚገመግም ባለሙያ ልኮ ቤቱን ሊያስፈትሽ ተስማማ። ምን ሊታይ? ያልተቀየረው አንሶላ፣ የሻገተው ሳህን፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውኃ አቁሮ የሚያንሸራትተው ምንጣፍ። አሁን አንዱም የለም። የማኅበሩ ሴቶች በፍቅር ጠርገው አውጥተውታል። እንክብካቤውን የሚሰጠው ኩባንያ ራሱ ሰው ቀጥሮ ማስረጃውን ቢያጠፋ እንዲህ አያምርለትም ነበር። ደግሞ እነሱን ማን ይቆጣል? እሷ ሥራ ላይ ስትውል እናቷን በሾርባ ያኖሩላት እነሱ አይደሉ?

ነገሩ የከፋው ሄምሸንስት፣ ያ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየመጣ የሚረዳው አገልግሎት፣ እናቷን የሚያጥብ ጎረምሳ የላከ ሳምንት ነው። ከሟች ባላቸው በቀር በወንድ ፊት ልብሳቸውን አውልቀው የማያውቁ ሴትዮ «ሴት ላኩልኝ» አሉ። ኩባንያው «ገላ መታጠብ አልፈልግም ብለዋል» ብሎ አለፈው። በማግስቱም ያንኑ ልጅ ላከ። እሑድ ሲደርስ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ሳይታጠቡ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሞት ሆነባቸው፤ ብቻቸውን መታጠቢያ ቤት ገቡና ወደቁ። አንገታቸው ላይ ያለውን የድረሱልኝ ደወል፣ አላርሙን፣ ተጫኑት። እርዳታው አልመጣም አይባልም፣ መጥቷል። ግን ኩባንያው የቤቱን ቁልፍ ከጣለው ሰንብቷል። የመጡት ሰዎች በሩን ደወሉ። ወለል ላይ የተዘረጋች አሮጊት ተነስታ እንድትከፍትላቸው ጥቂት ጠበቁና «ቤት የሉም» ብለው ሄዱ።

ራኬብ ከምትኖርበት ከቬሊንግቢ ስትመጣ ነው ያገኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ያለ ሰው እጅ ከወንበር አይነሱም። ዛሬ ደግሞ ጥፋት ካልተገኘ አቤቱታው ይዘጋል። ያው ኩባንያ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ በር ደውሎ ይሄዳል።

«ለገምጋሚዋ እውነቱን ልትነግሪያት ቃል ገብተሽልኛል» አለች ራኬብ።

«እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ፤ አሁን ሻዩን ጣጂ።»

ገምጋሚዋ ካሪን የምትባል ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ቤተሰብ ማስተርጎም እንደማይፈቀድለት ለራኬብ በትሕትና ነገረቻትና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከስልኩ የወጣው ድምፅ የአስተርጓሚው ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ፤ ሲራክ እባላለሁ።»

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከወዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። እኔ የእርስዎን ቃል ለማድረስ ብቻ ነው ያለሁት።»

ጥያቄው ተጀመረ። ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል? «ይመስገን፣ ጠግቤ ነው የማድረው።» የሚመጡት ሰዎች ጸባይስ? «ምን ይወጣላቸዋል፤ ልጆቼ ናቸው።» ወድቀው ነበር? «ትንሽ አዳለጠኝ እንጂ መውደቅም አይባል። የኔ ጥፋት ነው።»

«አላርሙን ሲጫኑ ሰው መጣ?»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም የነጠላቸውን ጥለት አስተካከሉ። «መጥተው ነበር» አሉ።

የራኬብ ጆሮ ጋለ። «እንዲህ አልነበረም የተባባልነው» አለች። ሲራክም ሥራው ነውና ይህንኑ ተረጎመው። ካሪን መዳፏን ከፍ አድርጋ «ከራሳቸው መስማት እፈልጋለሁ» አለችና መታጠቢያ ቤቱን ልታይ ስልኳን ሳትዘጋ ተነሳች።

ራኬብ ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተይኝ። ያ ልጅ በኔ አፍ እንጀራው ይቆረጥ? እሱም እናት አለችው።»

«የልጁን እንጀራ ማን ነካው? እኔ የማወራው ስለላኩት ነው። ደግሞ እሱ እናት ካለችው፣ እኔም እናት አለችኝ።»

ካሪን ፈገግ እያለች ተመለሰች። ቤቱ እንዲህ ተይዞ በማየቷ ደስ እንዳላት፣ አገልግሎቱም በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ተናገረች። ቤቱን ዛሬ ጠዋት ያጸዱት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንደሆኑ ራኬብ በስዊድንኛ ነገረቻት። ካሪን ራሷን ነቀነቀች።

«ይገባኛል፤ ቤተሰብ ሲጨነቅ ያለ ነገር ነው» አለች።

ራኬብ ጥርሷን ነከሰች። ንጹሕ ወለል ታየ፣ ሻይ ተጠጣ፣ በቃ፤ ሰው ደህና ነው ማለት ነው። ካሪን ከሻዩ ጋር ለቀረበላት አምባሻ አመስግና ኮቷን አነሳች፤ ስልኩ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው።

ይሄኔ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ተቁነጠነጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ከቤታቸው ሲወጣ ተቀምጠው ሸኝተው አያውቁም። ሲታመሙም፣ ሐዘን ላይም ሳሉ እስከ ደጅ ወጥተው ነው። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን እንደ ወትሮው ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«በይ እጅሽን፤ ልሸኛት።»

የራኬብ እጅ ማንም ሳያዘው ተነስቶ ነበር። መለሰችውና የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«አልሰጥሽም» አለች። «ትንሽ ነው ያዳለጠኝ ብለሻት የለ? ተነሺና ሸኚያት።»

ሲራክ ተረጎመው። ካሪን አንድ እጅጌ እንዳጠለቀች ቆመች።

«በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

ራኬብ እንባዋ መጣ፤ ራሷን ጠላች። ያን ደውለው የሄዱትን በር ግን ከራሷ አብልጣ ጠላችው። እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

እናቷ እንደገና ሞከሩ። ነጠላው ከትከሻቸው ወረደ፣ እጅጌው ወደ ላይ ተሰበሰበ። ከክርናቸው በላይ የበለዘው ሥጋ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ታየ። ተመልሰው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ካሪን ቦርሳዋን መሬት አኖረች።

«እየሰማሁ ነው» አለ ከጠረጴዛው የሲራክ ድምፅ። «እማማ፣ የሚሉት አለ?»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም እጅጌያቸውን መልሰው ሊሸፍኑ ጀመሩና ተዉት።

«ሲራክ ልጄ» አሉ፤ «አልችልም በልልኝ።»

ተረጎመው። ካሪን ኮቷ በአንድ ትከሻዋ እንደተንጠለጠለ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ወደ እሷም ወደ ልጃቸውም አላዩም፤ ያዩት የነበረው በሩን ነው።

«የዚያን ዕለት ሲደውሉ ሰምቻለሁ በላት። እዚያው እንደወደቅሁ ‹መጣሁ፣ መጣሁ› እላቸው ነበር።»

ይህን ራኬብም ሰምታው አታውቅም። ከስልኩ ሲራክ ጉሮሮውን ጠረገና መተርጎም ጀመረ።