ደረቁ ጫማ

ፍስሐ ነገሌ ውስጥ በሐጂ ከሊፋ የጭነት መኪናዎች ግቢ ጸሐፊ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። የቦሬ ልጅ ነው፤ እጁ ቀለም እንጂ ግራሶ ነክቶ አያውቅም። ታዲያ ይኼ ሁሉ ጣጣ በእሱ ላይ ይውደቅ? ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ ሾፌሩ ጣሰው ትሬንታ ኳትሮ መኪናውን ወደ መጠለያው ሊያስገባ አንቀሳቀሰ። ለካ መካኒኩ ሀሺ ከሥር ተኝቶ ፍሬን እየጠገነ ኖሯል! የግራ እግሩን ጨፈለቀው። ጣሰው ታሰረ። ፖሊስም፣ "አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጽፋችሁ ነገ አምጡ፤ ጥፋተኛውም ይለይ" አለ። ጻፍ የተባለው ፍስሐ ነው።

የጣሰው ሚስት እናትነሽ ደግሞ አራስ ናት። ወረቀቱ "ጥፋተኛው ጣሰው" ካለ፣ አለቀለት፤ ወህኒ ይወርዳል።

ፍስሐ መጀመሪያ እሱን ሊጠይቅ ጣቢያ ሄደ።

"ባዶ ነበር!" አለ ጣሰው፣ ገና ሳይቀመጥ። "ወንድሜ፣ አይቻለሁ! ጎማው አጠገብ ባዶ ነበር!"

"ምኑ ነው ባዶ?"

"እንዴ! ባዶ ነዋ!"

ሰውዬው በድንጋጤ አእምሮውን ሳተ እንዴ? ፍስሐ "ባዶ ነበር ይላል" ብሎ ጻፈ፤ መልሶ ሰረዘው። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሀሺ እግሩ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ወላሂ አስቀምጫለሁ" አለ ሀሺ። "በገዛ እጄ!"

"ምኑን?"

"ምኑን ትለኛለህ?" ሀሺ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንዱ ባዶ፣ አንዱ አስቀምጫለሁ! ፍስሐ ራሱ ዞሮበት ግቢ ተመለሰ። ሐጂ ከሊፋ ቢሮው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

"አካም ፍስሐ፣ ናጋ?"

"ኧረ ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ፣ ሐጂ! ምን እንደሚያወሩ እንኳ የሚነግረኝ ጠፋ!" የሰማውን ነገራቸው።

ሐጂ አፈጠጡበት። "ጫማውን ነዋ! እዚህ ግቢ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ ፊት ጎማ አጠገብ ያስቀምጣል። ሾፌር ጫማ ካየ ሞተር አይነካም። ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራነው። አልነገሩህም?"

ፍስሐ ክው አለ። ዓይኑ ወደ ቢሮው መስኮት ሄደ። የሀሺ አዲስ የቆዳ ጫማ እዚያ ተቀምጧል። ትናንት ዝናቡ ሲጀምር፣ "ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው? እንዲህ ያለ ጫማ ሊበሰብስ!" ብሎ ሮጦ ያነሳው እሱ ነው። ደግ ሠራሁ ብሎ ደስም ብሎት ነበር እኮ!

ሲያነሳው ማንም አላየውም። ከአሮጌ ጎማዎቹ ኋላ ቢወረውረው ማን ያውቃል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቦታል። ፈራ፣ አፈረም። ግን ጣሰው "አይቻለሁ!" ሲል የጮኸው ጩኸት ከጆሮው አልወጣ አለ። ወረቀቱን ሳበና ጻፈ፦ "ጫማውን ያነሳሁት እኔ ፍስሐ ነኝ። ምልክት መሆኑን አላውቅም ነበር።" ለሐጂ ሰጣቸው።

ሐጂ አነበቡ።

"ጫማ አይነካም ብሎ የነገረህ አልነበረም?"

"ማንም፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው የኔንም ስም ጨምርበት፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከመኪና ሥር የሚገባ ሁሉ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይግባ። ይኼንንም ጻፈው።"

ወረቀቱን ጣቢያ አድርሰው ጣሰውን በዋስ አስለቀቁት። ፍስሐ ግን ልቡ አላረፈም። ጫማውን ይዞ ክሊኒክ ሄደ።

"ሀሺ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለ፤ ጫማውን እየዘረጋለት። "ዝናብ እንዳይመታብህ ብዬ።"

ሀሺ የግራውን ጫማ ተቀብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ዳሰሰው።

"እውነትም ደረቅ ነው" አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።