የወይዘሮ እማዋይሽ ንቦች

በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ በወይናም ጊዮርጊስ አገር፣ ምክንያት የሌለው ምሳሌ የተናገረ ሰው በምሳሌው የጠራው ነገር በእግሩ እየሄደ ይመጣበት ጀመር። ምሳሌው ምክንያት ያዘለ እንደሆነ ግን ምንም አይመጣም። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ከዚያ ወዲህ የነገርን ፍሬና ገለባ የሚለዩት የሚዳኙበትን ግቢ በር እያዩ ነው።

ወይዘሮ እማዋይሽ ጎረቤቷን አያ ቢተውን በንብ ከሰሰችው። ንቦቿ ከቀፎዋ ወጥተው ወደ እሱ ቀፎ ገብተዋል። ማሩ ለሟቹ ባሏ ለአድማሱ ተዝካር ጠጅ የሚጣልበት ነው፤ ሌላ የላትም።

"እስቲ ተናገር" አሉት አያ ቢተውን አባ ጥዑመ ልሳን፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

"አባቴ፣ ይቺ ሴት ጅብ ናት!"

ጅብ መጣ። ገብቶ ከአያ ቢተው ጎን ተቀመጠ።

"ይኼ ስድብ ነው። ሌላስ?"

"እኔ ምስኪኑ በግ ነኝ።"

በጉም መጣ። ጅቡን ሲያይ አያ ቢተው ጀርባ ተሸሸገ።

"አያ ቢተው፣ ግቢው ሞላ እኮ! ደግሞ ማንን ልትጠራብን ነው?" አለች እማዋይሽ። ወደ አባ ዞረች። "በሬዬ አጥር ዘሎ እሱ ሣር ላይ ቢያድር የእሱ ይሆናል? ንቤም ያሳደግኋት ከብቴ ናት።"

ሁሉም በሩን አዩ። በሬ አልመጣም።

"ይኼስ ነገር ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ።

አያ ቢተው ብድግ አለ። "ኧረ በጎረቤት አምላክ! እኔ ላንቺ እንደ አድማሱ ነኝ!"

አድማሱ መጣ። እንደ ተገነዘ ነው፣ ትከሻው ላይ አፈር አለ። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነስቶ በጅቡና በበጉ መካከል ተቀመጠ። እማዋይሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

አያ ቢተው ቶሎ ነቃ። "ተዝካር ለእስረኛ እንደሚወሰድ ስንቅ ነው። ለተፈታ ሰው ስንቅ አይወሰድም። ባሏ ይኸው መጥቷል፤ ማር ምን ያደርግላታል?"

በሩን አዩ። ምንም አልመጣም።

"ነገርስ ነው" አሉ አባ በዝግታ። "ግን የጠየቅንህ ማሩ ምን ያደርግላታል ብለን አይደለም። ንቡ የማን ነው ብለን ነው። ንቡ የእሷ ነው።"

ይህን ሲሉ ንቦቹ ከአያ ቢተው ጓሮ ተነሥተው መጡ። አድማሱ አፉን ከፈተላቸው። ተራ በተራ ገቡ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

እማዋይሽ ተከተለችው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ንቦቹ ሥራ ጀምረዋል።